የቻይናን መልክ ስለ ለበሱ ሳሕኖች

በኢትዮጵያ ቡና የሚጠጣበት ትንሹ ጽዋ ሲኒ ይባላል። ቃሉ ከዐረብ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም «የቻይና» ማለት ነው። ስለዚህ በረከቦት ላይ ሲኒ የሚደረድር ሰው ሁሉ፥ ሳያስበው፥ በየቀኑ የአንድ ሩቅ አገር ስም ይጠራል። ሲኒው በቻይና ቢሠራ ወይም በሌላ አገር ቢሠራ ስሙ አይለወጥም፤ የዕቃው ዝና ከዕቃው ይልቅ ሩቅ ተጉዟልና።

ይኸው ዝና በኤውሮጳ ደግሞ ሌላ ነገር ወለደ። የኤውሮጳ ሸክላ ሠሪዎች የቻይናን ዕቃ አይተው እንደ እርሱ መሥራት ባልቻሉ ጊዜ መልኩን ቀዱ። መልኩንም ከቀዱ በኋላ ያላዩትን አገር በሐሳባቸው እየፈጠሩ፥ ጣሪያው ወደ ላይ የተቆለመመ ቤት፥ ጃንጥላ የያዘ ሰው፥ ረጅም ጢም ያለው ሽማግሌ፥ ደመና የሚረግጥ ዘንዶ በሳሕንና በጽዋ ላይ ሣሉ። እንዲህ ያለው ሥራ በፈረንሳዮች ቃል ሺኑዋዝሪ ይባላል፤ ይኸውም ቻይናን የሚመስል የቻይና ግን ያልሆነ ማለት ነው። ዛሬ ይህን የቆየ ዕቃ ለገበታቸው የሚሰበስቡ ሰዎች በብዙ አገር አሉ። የሚሰበስብ ሰው የዕቃውን ታሪክ ካላወቀ ገንዘቡን ያባክናል፤ አንዳንድ ጊዜም ከገንዘቡ የሚበልጥ ነገር ያጠፋል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

እውነተኛው የቻይና ሸክላ፥ ፖርሴሊን የሚባለው፥ ካኦሊን ከሚባል ነጭ አፈርና ተፈጭቶ እንደ ዱቄት ከሆነ ድንጋይ ተለውሶ ይሠራል። እሳቱም እጅግ ብርቱ ነው፤ ሙቀቱ እስከ 1300 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በዚህ እሳት ውስጥ አፈሩና ድንጋዩ ተዋሕደው እንደ መስተዋት ይሆናሉ፤ ስለዚህ ስስ የሆነው ዕቃ በብርሃን ፊት ሲያዝ የጣት ጥላ በውስጡ ያሳያል፤ በጥፍርም ሲመታ እንደ ደወል ይጮኻል። ሰማያዊው ቀለም ኮባልት ከሚባል ማዕድን ይወጣል፤ ሥዕሉ በደረቀው ሸክላ ላይ ከተሣለ በኋላ ልባጡ ከላይ ይፈስበታል፤ ስለዚህ መቶ ዓመት ቢታጠብ አይለቅም። ለዚህ ሥራ ዋና የሆነችው ከተማ ጂንግደዠን ትባላለች።

ወደ ኤውሮጳ ብዙ ሆኖ የገባበት መንገድ ግን ሁልጊዜ የንግድ መንገድ አልነበረም። በ1602 እና በ1603 የሆላንድ መርከበኞች ሁለት የፖርቱጋል መርከቦችን በባሕር ላይ ማረኩ፤ ከእነዚህም አንዲቱ ሳንታ ካታሪና ትባል ነበር። በውስጥዋ የተገኘው ብዙ የቻይና ሸክላ በ1604 በአምስተርዳም በጨረታ ተሸጠ። በዚያ ቀን ሳሕን የገዛ ሁሉ የተዘረፈ ዕቃ በገበታው ላይ አኖረ፤ ዳሩ ግን ሰማያዊውን አበባ ያየ ሰው ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ እንደሆነ አይነገርም። ከዚያ በኋላ ፍላጎቱ በረታ። በ1644 የሚንግ ነገሥታት ወድቀው በቻይና ጦርነት በሆነ ጊዜ ዕቃው አነሰ፤ ያን ጊዜ ዴልፍት በምትባል የሆላንድ ከተማ የነበሩ ሸክላ ሠሪዎች ጊዜው የእነርሱ መሆኑን ዐወቁ። ነጩን አፈር አላገኙም፤ ነገር ግን ተራውን ሸክላ ቆርቆሮ በገባበት ነጭ ልባጥ ሸፍነው በላዩ በሰማያዊ ሣሉ። የዴልፍት ሳሕን ከንፈሩ በተሸረፈበት ስፍራ ቢመረመር ነጩ ሽፋን ብቻ እንደ ሆነና ከሥሩ ቢጫ ወይም ቡናማ አፈር እንዳለ ይታያል። የቻይናው ግን ውስጡም ውጭውም አንድ ነው።

የእውነተኛውን ፖርሴሊን ምሥጢር በኤውሮጳ ያገኘው ዮሐን ፍሪድሪክ ቦትገር የሚባል የጀርመን ሰው ነው፤ የእርሱም ታሪክ የሚያሳዝን ነው። በ1682 ተወለደ፤ በበርሊንም በመድኃኒት ቀማሚ ቤት ሥራ ሲማር ሳለ ተራ ብረትን ወርቅ አደርጋለሁ ብሎ ተናገረ። ይህ ወሬ ለፕሩስያ ንጉሥ ደረሰ። ቦትገርም ፈርቶ በ1701 ወደ ሳክሶንያ ሸሸ፤ ዳሩ ግን ከአንዱ ንጉሥ አምልጦ በሌላው እጅ ወደቀ። የሳክሶንያ ገዥና የፖላንድ ንጉሥ የነበረው፥ ኃይለኛው የተባለው አውግስጦስ፥ ወርቁን ለራሱ ፈልጎ በጠባቂዎች አስጠበቀው። በ1703 አመለጠ፤ ነገር ግን ተይዞ ተመለሰ። ወርቅም አልመጣም፤ ሊመጣም አይችልም ነበር። በአንድ ውሸት ቃል የተነሣ ወጣትነቱ በግዞት አለፈ።

በዚያን ጊዜ ቺርንሃውስ የሚባል ሊቅ በሳክሶንያ ስለ እሳትና ስለ ማዕድን ብዙ ዓመት ይመረምር ነበር። እርሱም ወጣቱን ከወርቅ ሐሳብ ወደ ሸክላ ሥራ መለሰው። ብዙ ዓይነት አፈር ደጋግመው ፈትነው በ1708 ነጩን ፖርሴሊን አገኙ። ቺርንሃውስ ግን በዚያው ዓመት ሞተ፤ የሥራውንም ፍሬ አላየም። በ1710 ንጉሡ በኤልበ ወንዝ አጠገብ በሚስን ከተማ ባለው ኮረብታ ላይ፥ አልብረክትስቡርግ በሚባለው ግንብ ውስጥ ፋብሪካ አቆመ፤ ግንብ የተመረጠውም ምሥጢሩ እንዳይወጣ ነው። ቦትገር በ1714 ነጻ ተለቀቀ፤ በ1719 ግን በ37 ዓመቱ ሞተ። ወርቅ አደርጋለሁ ብሎ ዋሽቶ የታሰረው ሰው ከአፈር ወርቅ የሚያስገኝ ሥራ ትቶ ሄደ፤ እርሱ ግን አልተጠቀመበትም።

ንጉሡስ? አውግስጦስ ከሃያ ሺሕ የሚበልጥ የሸክላ ዕቃ ሰበሰበ። ሸክላን መውደድ እንደ በሽታ እንደሆነና የያዘው ሰውም ይበቃኛል እንደማይል ራሱ በደብዳቤ ጽፎአል። በሽታውም ምን ያህል እንደ ጠናበት በ1717 ታየ። በዚያ ዓመት የፕሩስያን ንጉሥ ፍሪድሪክ ቪልሄልምን 151 የሸክላ ዕቃ ለምኖ በለውጡ 600 ፈረሰኞች ሰጠው። ፈረሰኞቹ ከሳክሶንያ ወጥተው ለባዕድ ንጉሥ ወታደሮች ሆኑ። ከዕቃዎቹ መካከል ያሉት ታላላቅ ሰማያዊ ጋኖች እስከ ዛሬ በድሬስደን ተቀምጠዋል፤ ስማቸውም የድራጎን ጋኖች ይባላል፤ ድራጎን ማለትም በዚህ ስፍራ ዘንዶ ሳይሆን ፈረሰኛ ወታደር ማለት ነው። ሒሳቡን የሚያሰላ ተማሪ ለአንድ ዕቃ አራት ሰው ያህል እንደ ተሰጠ ያገኛል።

በሚስን የሺኑዋዝሪ አሣሣል የተስፋፋው በ1720 ከቪየና በመጣው ሠዓሊ በዮሐን ግሬጎርዩስ ሄሮልት እጅ ነው። እርሱ ቻይናን አላየም፤ ነገር ግን ሻይ የሚያፈሉ፥ ዓሣ የሚያጠምዱ፥ ወፍ የሚያጫውቱ ትንንሽ ሰዎችን በብዙ ቀለም ሣለ። ሰዎቹ ሁሉ ደስ ያላቸው ናቸው፤ የሚሠራ የሚመስለው እንኳ አይደክመውም። ኤውሮጳ የወደደችው ይህች ያልነበረች ቻይና ነበረች።

ይህ ሁሉ የነገሥታት ገበታ ነው። ድሀው ሰው ሰማያዊ ሳሕን ያገኘው በእንግሊዝ አገር በስታፎርድሺር ሸክላ ሠሪዎች ምክንያት ነው። ጆስያ ስፖድ የሚባለው ባለ ፋብሪካ በ1784 ከልባጥ በታች በሰማያዊ ማተም የሚቻልበትን ብልሃት አቃና። ሥራውም እንዲህ ነው። ሥዕሉ በመዳብ ሠሌዳ ላይ ይቀረጻል፤ ሠሌዳው ሞቆ በዘይት የተለወሰ የኮባልት ቀለም ይታሽበታል፤ ስስ ወረቀትም ተጭኖበት ሥዕሉን ይቀበላል። አንዲት ልጅ ወረቀቱን በመቀስ ትቈርጣለች፤ ሌላዪቱ ሴት አንድ ጊዜ በተተኰሰው ሳሕን ላይ አስተካክላ ትለጥፈዋለች፤ በብሩሽም አጥብቃ ታሸዋለች። ከዚያ ወረቀቱ በውኃ ይታጠባል፤ ቀለሙ ይቀራል፤ ሳሕኑም ልባጥ ተቀብቶ እንደ ገና ወደ እቶን ይገባል። ስለዚህ በዚህ ዘመን የተሠራ ሳሕን ከንፈሩን ተከትሎ ቢመረመር ወረቀቱ የተገናኘበት መጋጠሚያ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ አበባው በግማሽ ተቈርጦ በሌላ አበባ ላይ ያርፋል። ሰብሳቢዎች ይህን ጕድለት ይወዱታል፤ የመቀስ የያዘችው ልጅ እጅ የታየበት ስፍራ እርሱ ብቻ ነውና።

ስለ እነዚያ ልጆች ጥቂት መናገር ይገባል። በ1840ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝ መንግሥት በፋብሪካና በማዕድን ጕድጓድ የሚሠሩትን ሕፃናት ኑሮ አስመረመረ። በስታፎርድሺርም ትንንሽ ወንዶች ልጆች አዲስ የተሠራውን ሳሕን ከነቅርጹ ተሸክመው ወደ ጋለው ማድረቂያ ክፍል ቀኑን ሙሉ ሲሮጡ ተገኙ። ልባጡ እርሳስ የሚባል መርዛም ማዕድን ነበረበት፤ ሳሕኑን በልባጡ ውስጥ የሚነክሩት ሠራተኞች እጃቸው ይሰልል ነበር። ሳሕኑ በርካሽ የተሸጠው ስለዚህም ጭምር ነው።

ከእነዚህ የእንግሊዝ ሳሕኖች ሁሉ የታወቀው የአኻያ ዛፍ ሥዕል ያለበት ነው። በ1790 ገደማ ተጀመረ፤ ብዙ ፋብሪካዎችም ተከታትለው ሠሩት። በሥዕሉ ውስጥ በወንዝ ዳር ያዘነበለ አኻያ፥ ሦስት ሰዎች የሚሻገሩበት ድልድይ፥ አንዲት ታንኳ፥ ፍሬ የሞላበት ዛፍ፥ አጥር፥ ከላይም የሚበርሩ ሁለት ወፎች አሉ። ስለዚህ ሥዕል የሚነገር ታሪክ አለ። ኩንግ ሲ የምትባል የባለጸጋ ሹም ልጅ ቻንግ የሚባለውን የአባትዋን ጸሐፊ ወደደች፤ አባትዋም ተቈጥቶ አጥር አሳጠረ፥ ለአንድ መስፍንም አጫት። ሁለቱ በድልድዩ ሸሹ፤ እርስዋ የመፍተያ ዘንግ፥ እርሱ የዕንቍ ሣጥን፥ የሚያሳድዳቸው አባትዋ ጅራፍ ይዞ ነው። በታንኳ ወደ ደሴት ደርሰው ጥቂት ጊዜ ኖሩ፤ በመጨረሻም ቤታቸው ተቃጥሎ ነፍሳቸው ሁለት ርግብ ሆነች ይባላል።

ታሪኩ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ቻይናዊ አይደለም። ሥዕሉ ከተሠራ ስድሳ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፥ በ1849፥ በአንድ የእንግሊዝ መጽሔት ታተመ፤ ሥዕሉ ለታሪኩ አልተሣለም፥ ታሪኩ ለሥዕሉ ተፈለሰመ እንጂ። ብዙ የእንግሊዝ ልጆች ስለ ቻይና በመጀመሪያ የተማሩት ከዚህ ሳሕን ነው፤ ምግባቸውን ሲጨርሱ ድልድዩ ይታያቸዋልና። ሳሕኑን መውደድ ነውር የለበትም። ቻይናን ከሳሕኑ አወቅሁ ማለት ግን ስሕተት ነው፤ በ1839 የእንግሊዝ መርከቦች ስለ ኦፒየም ንግድ በቻይና ላይ ጦርነት የጀመሩት ይህ ሳሕን በገበታቸው ላይ ሳለ ነበር።

አሁን የሚሰበስብ ሰው ምን ይመርምር? አስቀድሞ ሳሕኑን ይገልብጠው። የሚስን ምልክት ሁለት የተመሳቀሉ ሰማያዊ ሰይፎች ናቸው፤ ዳሩ ግን ከማንኛውም ምልክት ይልቅ ብዙ ጊዜ የተሰረቀ ይህ ነውና ሰይፉን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ይታለላል። በእንግሊዝ ሳሕን ጀርባ «ኢንግላንድ» የሚል ቃል በላቲን ፊደል ታትሞ ቢገኝ አብዛኛውን ጊዜ ከ1891 ወዲህ የተሠራ ነው፤ በ1890 በአሜሪካ የወጣው የቀረጥ ሕግ ወደዚያ አገር የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም እንዲይዝ አዝዞ ነበርና። እንግዲህ ሻጩ የመቶ ሃምሳ ወይም የሁለት መቶ ዓመት ዕቃ ነው ቢል፥ ጀርባው ግን ይህን ቃል ቢይዝ፥ ጀርባውን ማመን ይሻላል። በእቶን ውስጥ ሳሕኖቹ እንዳይጣበቁ የተደገፉበት ሦስት ትንንሽ ጠባሳ በጀርባው ወይም በከንፈሩ ሥር ይገኛል። ደግሞ በጥፍር ቀስ ብሎ ይምታው፤ ድምፁ የደነቈረ ከሆነ የተደበቀ ስንጥቅ አለ። የተጠገነና በቀለም የተሸፈነ ስፍራም በልዩ መብራት፥ አልትራቫዮሌት በሚባለው፥ ከሌላው ተለይቶ ይታያል።

እንዲህ ያለ ዕውቀት ግን ሁለት ስለት አለው። ለምሳሌ አንዲት አሮጊት ከእናትዋ የወረሰችውን ሳሕን በገበያ አቅርባ በጥቂት ገንዘብ ስትሸጥ፥ ገዢው ሳሕኑ ከሚስን መጀመሪያ ዘመን መሆኑን ቢያውቅ፥ ዝም ብሎ ከፍሎ ይሂድን? አንዳንዶች ዕውቀት የሰብሳቢው ድካም ስለሆነ ትርፉም የእርሱ ነው ይላሉ። ሻጩ ነጋዴ ቢሆን፥ ያው መጽሐፍ በእጁ ቢኖር፥ ይህ ነገር ይቆም ይሆናል። በችግር ምክንያት የእናትዋን ዕቃ በምትሸጥ ሴት ፊት ግን አይቆምም። ዋጋውን ነግሮአት፥ ከዚያ ሊከፍል የሚችለውን ቢናገር፥ ምናልባት ሳሕኑ ያመልጠዋል። ባያመልጠው ግን እንግዳ በገበታው ተቀምጦ «ይህን ከየት አገኘኸው?» ብሎ ሲጠይቀው ወሬ አይለውጥም።

ደግሞ የወራሾች ነገር አለ። ለሃያ አራት ሰው የሚበቃ የገበታ ዕቃ ለአራት ልጆች ሲከፈል፥ አንዱ የሾርባውን ጐድጓዳ ሳሕን፥ ሁለተኛው ክዳኑን፥ ሦስተኛው ዝርጉን ሳሕን ይዞ የሄደበት ጊዜ ብዙ ነው። ክዳን የሌለው የሾርባ ዕቃ ዋጋው ይወድቃል፤ ብቻውን ያለ ክዳንም ምንም አይረባም። አባትየው በሕይወቱ ሳለ ሳይናገር የቀረው አንድ ቃል ብዙ ሳሕን ይበትናል።

በገበታ ስለ መጠቀም የሰብሳቢዎች ሐሳብ የተለያየ ነው። አንዳንዱ በመስተዋት ቁም ሣጥን ዘግቶ ቍልፉን በኪሱ ያደርጋል፤ ልጆቹም ሳሕኑን ሳይሆን የአባታቸውን ቍጣ ብቻ ያውቃሉ። ሌላው በየቀኑ ያቀርበውና በጥቂት ዓመት ይጨርሰዋል። መልካሙ ዕቃውን ለይቶ ማወቅ ነው። የቆየ ልባጥ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል፥ ሎሚ፥ ኮምጣጤ፥ ቲማቲም ወይም ሌላ ጐምዛዛ ነገር በእርሱ ላይ ማሳደር አይገባም፤ ጐምዛዛው እርሳሱን ከልባጡ ያወጣዋልና። ይህ መርዝ ከሁሉ ይልቅ ልጆችን ይጎዳል። ልባጡ እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጣጠቀና ስንጥቁ የጠቈረ ሳሕን ምግብ አይቅረብበት፤ በግድግዳ ይሰቀል። ለምግብ የሚፈለገው ዕቃ ግን በመርማሪ ቤት ቢፈተን የሚበልጥ ማረጋገጫ የለም። ሲታጠብም ውኃው ለብ ያለ ይሁን፤ በሳፋው ሥር ጨርቅ ይነጠፍ፤ አንድ አንዱ ለብቻ ይታጠብ። ወርቅ የተቀባ ከንፈር በአመድ ወይም በአሸዋ አይፈተግም። ሲደራረብ በየመካከሉ ጨርቅ ይግባ፤ የላይኛው ሳሕን ሻካራ እግር የታችኛውን ሥዕል ይፍቃልና።

በድሮ ጊዜ በኤውሮጳ ከተሞች ሳሕን ጠጋኞች በየቤቱ ይዞሩ ነበር። የተሰበረውን ሳሕን ገጥመው፥ በጀርባው በኩል እስከ ግማሽ ውፍረቱ ትንንሽ ቀዳዳ በስተው፥ የተሰነጠቀ ቅል እንደሚሰፋ በሽቦ ይሰፉት ነበር። እንዲህ የተሰፋ ሳሕን በገበያ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ብዙ ዘመን ሰብሳቢዎች ንቀውት ነበር፤ ዛሬ ግን አንዳንዶች ፈልገው ይገዙታል፤ አንድ ሰው ይህን ሳሕን ሊጥለው እንዳልወደደ ከጀርባው ይነበባልና። የሚገዛውም ሰው በሞቀ ውኃ አይንከረው፤ ሽቦው በሙቀት ሲላወስ ሸክላውን እንደ ገና ይሰነጥቀዋል። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ፥ ሽቦው እንዳይዝግ ወዲያው አድርቆ፥ በሚታይ ስፍራ ያቁመው።